ሰባቱ አንገቶች

ሲይዙኝ እጄ እስከ ክርኔ ጭቃ ነበር። ልታጠብ ብዬ ጠየቅኩ፤ አንደኛው ሰውዬ "እዚያ ትታጠቢያለሽ" አለኝ። እዚያም አልታጠብኩም። ጭቃው መኪናው ውስጥ ደረቀና ጣቶቼን ባጠፍኩ ቁጥር እየተሰነጠቀ ወንበሩ ላይ ይረግፍ ጀመር፤ እኔም የሰው መኪና አቆሸሽኩ ብዬ ተሳቀቅኩ። ሰው በእንዲህ ያለ ሰዓት የሚጨነቅበትን ነገር አይመርጥም። የእስር ክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው። አሥራ አንድ ሴቶች ግድግዳ ተደግፈው እግራቸውን ወደ መሐል ዘርግተዋል፤ ለእኔ እግር የተረፈ ቦታ አልነበረም። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ መስኮቱ ከአንድ ደብተር አይበልጥም። ክፍሉ ክሬኦሊንና ላብ ይሸታል። "ግቢ እንጂ፣ ቆመሽ ልትቀሪ ነው?" አለችኝ የክፍሉ ኃላፊ፣ ካቦ የምንላት። ገባሁ።

ይህን ለዓመታት ለማንም አላወራሁም። ደብቄው አይደለም፤ ከየት እንደምጀምረው ግራ ስለሚገባኝ ነው። ልጄ እዚህ አሜሪካ፣ ሬንተን ከተማ ተወልዳ ያደገች ናት። ታስሬ ነበር ስላት በእንግሊዝኛ "ምን አድርገሽ?" ትለኛለች። መልሱን እኔም ስለማላውቀው ወሬ እለውጣለሁ።

ነገርን ነገር ያነሳዋል፤ ይህንን ያስነሳው የዘንድሮው ትምህርቴ ነው። ጠዋት ጠዋት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ፤ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ደግሞ ሲያትል ኮሌጅ ገብቼ ቅርጻ ቅርጽ እማራለሁ። ሃምሳ ሊሞላኝ ምን ቀረኝ፤ ያኔ ያቋረጥኩትን ልጨርስ ብዬ ነው። ፓርክ የማደርግበት እስካገኝ አርፍጄ የምገባ፣ ጉልበቴን እያሸሁ ጭቃ የማቦካ ተማሪ ነኝ፤ ቢሆንም ተማሪ ነኝ።

የመጨረሻው ፕሮጀክት ላይ እያንዳንዱ ተማሪ ሥራው አጠገብ ቆሞ ለእሱ ለራሱ ያለውን ትርጉም ማስረዳት አለበት። የእኔ ሥራ ሰባት የተቀመጡ የሸክላ ሰዎች ነው። ቁመታቸው ክንድ አይሞላም። ትከሻ አላቸው፣ ጉልበታቸው ላይ ያረፈ እጅ አላቸው፤ አንገታቸው ላይ ሲደርስ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ይሆንና ያበቃል። ራሶቹ ከቆምኩበት አምስት እርምጃ ርቀት ላይ፣ ማድረቂያው መደርደሪያ ላይ፣ በፕላስቲክ ተሸፍነው ነበር። የዚህ አገር ዝናብ ጭቃ አያደርቅም። ሸክላ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ድፍን ራስ እሳት ላይ ይፈነዳል። ስለዚህ ራሱ ለብቻው ይሠራል፣ ውስጡ ተቦርቡሮ ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ በመጨረሻ አንገቱ ላይ ይሰካል። ይህንን ማለት የአንድ ዓረፍተ ነገር ሥራ ነው።

መምህሯ ልጄን የምታክል፣ ሰው የማታስከፋ ሴት ናት። "ሶ፣ ለምን ራስ የላቸውም?" አለችኝ። አንዷ ተማሪ ድምፃቸውን የተነጠቁ ሴቶች ናቸው አለች። ሌላው ስደት ማንነትን ስለሚያሳጣ ነው አለ። ሁሉም ራሳቸውን እየነቀነቁ ደብተራቸው ላይ ጻፉ። እኔ የሚጽፈውን እጃቸውን ብቻ ነበር የማየው። አምስት እርምጃ ሄጄ ፕላስቲኩን መግለጥ ነበር እኮ። እኔ ግን በደህና እንግሊዝኛ፣ ዓይኔን ሳላሽ፣ "ራስ ኖሯቸው አያውቅም" አልኩ።

አንድ ጡረተኛ አብሮኝ ይማራል፤ ዕድሜውን አውሮፕላን ሲገጣጥም የኖረ ሰው ነው። መደርደሪያውን የምንጋራው ከእሱ ጋር ነው። ከዚያ ቀን በፊት ራሶቹን አንድ በአንድ አንስቶ ወደ ውስጥ ያስጠጋልኝ እሱ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። እንደዋሸሁ ያውቃል። ግን የራሱን ሥራ በጨርቅ መወልወል ጀመረ።

የድሮው ነገር የመጣብኝ ያኔ ነው። አውቆ እንዳላወቀ የሚሆንልኝ ሰው ሌላ ቦታም አይቼ ስለማውቅ።

ያኔ አገር ቤት ሲይዙኝ የሥነ ጥበብ ተማሪ ነበርኩ። ስምንት ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ቤት እየተሰበሰብን እናነባለን፣ እንከራከራለን። ከመካከላችን ወረቀት የበተነ ይኑር አይኑር ዛሬም አላውቅም። እኔ ጓደኞቼን ለመመረቂያ ሥራዬ ቀረጽኳቸው። ሰባቱንም አስቀምጬ በጭቃ ሠራኋቸው፤ መልክ ማስመሰል ደግሞ ይሆንልኝ ነበር። ገላዎቹን በእሳት ተኩሼ ወደ ቤት አመጣሁ። ቤቴ ርጥበት ስላለው ራሶቹን አክስቴ ዕቃ ቤት ውስጥ እንዲደርቁ አስቀመጥኩ። የትኛው ራስ የየትኛው እንደሆነ እንዳይጠፋኝ ከእያንዳንዱ የአንገት ቀዳዳ ከንፈር ወደ ውስጥ በሹል ነገር ጫርኩበት፦ አንድ ጭረት፣ ሁለት ጭረት፣ እስከ ሰባት። ሲፈትሹ ያገኙት ገላዎቹን ብቻ ነው።

መርማሪው ዱላ የሚያነሳ ሰው አልነበረም። ሻይ አስመጣልኝ፣ "እህቴ" አለኝ። ሰባቱን ጠረጴዛው ላይ ደርድሯቸዋል።

"እኛም የምንፈልገው ሰባት ሰው ነው። አንቺም ሰባት ሠርተሻል። ራሳቸውስ?"

 እውነቱን ከተናገርኩ አክስቴ ቤት ይሄዳሉ። ዕቃ ቤቱን ከፈቱ ማለት የሰባት ሰው መልክ፣ ከነአፍንጫው ከነጆሮው፣ ተደርድሮ ይጠብቃቸዋል። ፎቶ እንኳ እንደዚያ አያሳይም። ስለዚህ ራስ ኖሯቸው አያውቅም አልኩ። ታዲያ ትርጉሙ ምንድን ነው አለኝ። መከራዬ ከዚያ ጀመረ።

በመጀመሪያው ቀን የዘመኑ ሰው ግራ መጋባት ነው አልኩት። ጻፈው። በማግስቱ የትናንቱን አንብቦልኝ "ግራ ያጋባው ማነው?" አለኝ። ደንግጬ ሞት ነው፣ የሞተች እናቴ ናት አልኩ። እሱንም ጻፈው። በሦስተኛው ቀን እናትሽ አንድ፣ እነዚህ ሰባት፣ እንዴት ነው ነገሩ አለኝ። ትርጉም ላይ ትርጉም ስከምር የትኛውን መቼ እንዳልኩ ጠፋኝ። ከዚያም አልፎ ማመን ጀመርኩ፤ ምናልባት እውነት እናቴን ነው የሠራሁት እል ነበር ለራሴ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉታል። እሱ ይለቅማል፣ እኔ ደግሞ ኩበቱን እየጋገርኩ አቀብለዋለሁ።

በክፍሉ ጥግ አንዲት አሮጊት ነበሩ። አሁን ስጽፍ "ነበሩ" እላለሁ፤ ያኔ ግን በእናቶቻችን ዕድሜ ያሉትን ሴት ሁላችንም "አንቺ" ነበር የምንላቸው። ምክንያቱም ሸክላ ሠሪ ናቸው። ከገበያ ላይ ከነገንቧቸው ያመጧቸው ወንድ ልጃቸው ስለተሰወረ ነው፤ እሱን እስኪያመጡ ነው የተባለው። የገባሁ ዕለት አጠገቤ ያለችው ሴት ጆሮዬ ሥር ተጠግታ፣ የሸክላ ሠሪ ዘር ናት፣ ስትበዪ አታሳያት አለችኝ። ከየቤቱ የመጣውን ምግብ ሌሎቻችን አንድ ላይ አድርገን እንበላለን፤ እሳቸው ድርሻቸውን በአንድ የፕላስቲክ ክዳን ተቀብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይበላሉ። ማንም ዙሪ ብሏቸው አይደለም። ለምደውታል።

እኔስ? የተማርኩ ነኝ፤ ቡዳ ምናምን የሚል ሰው ሲገጥመኝ እስቃለሁ። ጥፍሬ ሥር ገና የራሴ ጭቃ አለ፤ ሥራችን አንድ ነው። እንዲህም ሆኜ ስበላ ጀርባዬን ሰጠኋቸው። አስቤ አይደለም፤ ገላዬ ነው የዞረው። ከእስር ቤቱ ነገር ሁሉ የሚያሳፍረኝ ይኸው ነው።

ከሦስተኛው ምርመራ ስመለስ ሴቶቹ ምን አሉሽ ብለው ከበቡኝ። የሸክላ ሰዎቼ ለምን ራስ እንደሌላቸው ነው የሚጠይቁኝ አልኩ። ከጥግ ድምፅ መጣ።

"ራሱን ለብቻ እያደረቅሽው ነዋ፣ ልጄ።"

እንዲሁ፣ እንደ ቀላል ነገር።  ከአሥራ አንዱ ሴቶች አንዷ ለመርማሪዎቹ ወሬ እንደምታወጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ የትኛዋ እንደሆነች ነው የማናውቀው። በድንጋጤ ዞሬ "አንቺን ማን ጠየቀሽ! ገንቦ መሰለሽ?" አልኳቸው። አንዳንዶቹ ሳቁ። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ቀሩ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሁለት ቀናት ተምታተውብኛል። አንዴ ሴትዮዋ ራሷ ናት ወሬ የምታወጣው እላለሁ። አንዴ ደግሞ ይቺ ምስኪን ምን ታውቃለች እላለሁ። ይቅርታ ልጠይቅ እነሳና፣ ይቅርታ መጠየቄ ነገሩ እውነት መሆኑን ያሳይብኛል ብዬ መልሼ እቀመጣለሁ። የተሳደብኩትን እያሰብኩ እጸጸታለሁ፤ መለስ ብሎ ደግሞ ምነው ዝም ባለች ኖሮ እያልኩ እናደዳለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጠባቂው በሩን ከፍቶ "ሸክላ ሠሪዋ" ብሎ ተጣራ። ይዟቸው ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ እኔን ጠራ።

ስገባ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ ባዶ እግራቸውን አንዱን በአንዱ ላይ ደርበዋል። ሰባቱ ገላዎች ጠረጴዛው ላይ እንዳሉ ናቸው። መርማሪው ደስ ብሎት ነበር። አዋቂ አመጣሁልሽ አለኝ። ትርጉሙን አንቺ እንቢ ካልሽ ጭቃውን የሚያውቅ ይንገረን አለ። ወደ እሳቸው ዞሮ፣ እነዚህ ራስ ነበራቸው ወይስ አልነበራቸውም፣ አይተሽ እውነቱን ከነገርሽኝ የልጅሽንም ነገር እናያለን አላቸው።

የልጃቸውን ስም ሲጠራ ሰማሁ። አለቀልኝ አልኩ። እኔ ብሆን ምን እንደማደርግ አውቃለሁ፤ ልጄን እመርጣለሁ።

ተነሡና አንዱን አነሡ። በጣታቸው አንጓ መታ መታ አድርገው ጆሯቸውን አስጠጉ፤ ደህና የበሰለ ሸክላ ድምፅ አለው። ገለበጡት። ከዚያ ትንሿን ጣታቸውን ቀዳዳው ውስጥ ከትተው ቀስ ብለው አዞሯት። ጣታቸው ስትቆም አየሁ። ጭረቶቹ ያሉበት ላይ ነው የቆመችው።

"ይሄ መተንፈሻ ነው" አሉ። "ሸክላ ካልተነፈሰ እሳት ላይ ይፈነዳል።"

"እሺ፣ ራሱስ?"

"ራስ አልነበረውም።"

"ለምን?"

ያን ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ፤ ከራስ ጠጉሬ እስከ እግሬ፣ ገበያ ላይ የተሰነጠቀ ዕቃ እንደሚያይ ሰው።

"ራስ ከባድ ነው፣ ጌታው። አልሆነላትም። እጇ ገና ነው።"

መርማሪው መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ሳቀ፤ ከልቡ ነው የሳቀው። ይሄን ሁሉ ቀን ግራ መጋባት፣ ሞት፣ እናቴ ስትይኝ የከረምሽው መሥራት አቅቶሽ ነው ወይ አለኝ። አንገቴን ደፋሁ። የጻፈውን ሁሉ ገልብጦ በአዲስ ገጽ ላይ አንድ መስመር ጻፈ።

እውነቱን ልናገር፤ በዚያች ደቂቃ ተናደድኩ። ሰባት ሰው በአንድ ቃል ያዳኑልኝን ሴት፣ ሥራዬን ናቁብኝ ብዬ ተቀየምኳቸው። ፊቴ እሳት ሆነ፤ እጄ ገና አይደለም ልል ምንም አልቀረኝ። እስከ ክፍሉ በር ድረስ ከኋላቸው እየሄድኩ ተረከዛቸውን አያለሁ፤ ተረከዛቸው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ልጃቸውን አሰብኩ። ለእኔ ሲሉ እሱን እንደተዉት የገባኝ ያኔ ነው።

ምሳ መጣ። ድርሻቸውን በክዳኑ ተቀብለው እንደ ወትሮው ወደ ግድግዳው ዞሩ። እኔም ከሴቶቹ መሐል ተነሣሁ። እግር እየተሻገርኩ ሄጄ ከእሳቸውና ከግድግዳው መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ፣ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። የያዝኩትን ክዳናቸው ላይ አደረግኩና ከዚያው ቆርሼ በላሁ።

ከኋላዬ ካቦዋ "አንቺ!" አለች። 

"ይቅርብሽ ልጄ፣ ይጠሉሻል" አሉኝ በዝግታ።

"ይብሉ፣ እማማ።"

በሉ። ለሁለት ሰው የሚሆን ምግብ አልነበረም፤ ቀስ ብለን ነው የጨረስነው። እየበላን፣ ከንፈራቸው ሳይንቀሳቀስ በሚባል ድምፅ፣ "ሦስት ጭረት ያለበትን ነው ያነሳሁት" አሉኝ። "እሳት ነክቷቸዋል ራሶቹ?" አልነካቸውም አልኩ። "እንግዲያው ምን ቸገረሽ፤ ውሃ ይበቃቸዋል" አሉ። ስለ ልጃቸው ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ። በእጃቸው ክዳኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና ብይ አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእሳቸው ጋር በላሁ። ከሴቶቹ ሁለቱ ብዙም ሳይቆዩ መጡ፤ ሌሎቹ አልመጡም።

ከወር በኋላ ለቀቁኝ። አክስቴ ውሃ እንደሚበቃቸው የነገራት ሰው አልነበረም፤ ግን መያዜን በሰማችበት ሰዓት ራሶቹን ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፋ፣ አሟሙታ፣ በዚያው ጭቃ የተሰነጠቀውን የዕቃ ቤት ግድግዳ ለስናበታለች። ሰባቱም አልተያዙም። እማማ ስወጣ እዚያው ነበሩ። በአንድ ወር ውስጥ የመንደራቸውን ስም እንኳ አልጠየቅኳቸውም። ልጃቸው ተገኝቶ ይሁን፣ እሳቸውም ወጥተው ይሁን አላውቅም። ለምን እንዳልጠየቅኩ ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ።

ያን የዋሸሁበት ሐሙስ ከክፍል ስንወጣ ጡረተኛው ከኋላዬ መጥቶ በሩን ያዘልኝ። ራሶቹ ደህና ናቸው፣ ሊደርቁ ምንም አልቀራቸውም አለኝ።  መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። እዚህ አገር፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ከሃያ ዓመት ሕፃናት ፊት ማንን ለማዳን ነው የዋሸሁት? ልጄ ኮል አድርጋ የት ደረስሽ ስትለኝ "አንድ ነገር ልነግርሽ ነው፣ ረዥም ነው" አልኳት። "ኦኬ" አለች። እያለቀስኩ ነበር፤ መንገዱ ሁሉ በመኪና ተዘጋግቶ ስለነበር ለመናገር በቂ ጊዜ አገኘሁ። መጨረሻ ላይ ምን አድርገሽ ነው የታሰርሽው ብላ አልጠየቀችኝም። "ሴትየዋስ?" አለችኝ በአማርኛ።

ራሶቹ ከምድጃው ሲወጡ መምህሯን ሌላ ተራ ለመንኳት። ክፍሉ ፊት ቆሜ ያን ቀን ዋሽቻችሁ ነበር አልኩ። ከዚያ ራሶቹን፣ የእነዚያኑ ሰባት ጓደኞቼን፣ አንድ በአንድ ሰካኋቸው። ባለ ሦስት ጭረቱ አሁን እዚሁ ሬድመንድ ከተማ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ወፍራም ሰው ነው፤ ጆሮው እንዴት እንደነበር ጠፍቶኝ ደውዬለት ስቆብኛል። ባለ አምስት ጭረቷ ክርክር ስትሸነፍ አፍንጫዋን ታሻለች። ስለ እያንዳንዳቸው እንዲህ እንዲህ ያለውን አወራሁ። ተማሪዎቹ ግራ ተጋቡ፤ ትርጉሙ የታል የሚሉ መሰለኝ። ትርጉሙ ይኸው ነው፣ ሰዎች ናቸው፣ አሉ አልኳቸው። ከዚያ በላይ እኔም አልገባኝም።

ከሰባቱ ፈንጠር ብሎ ስምንተኛ ገላ አስቀምጬ ነበር፤ ባዶ እግሯን አንዱን በአንዱ ላይ የደረበች ሴት። አንገቷ ላይ ቀዳዳው ብቻ ነው። ውስጡ ጭረት የለበትም። የእሳቸውን ፊት አሥር ጊዜ ጀምሬ አሥር ጊዜ መልሼ አቡክቼዋለሁ፤ ዓይናቸው ይመጣልኛል፣ አፋቸው ላይ ስደርስ ይጠፋብኛል። ለነገሩ ብዙውን ቀን ያየሁት ጀርባቸውን ነው።

መምህሯ እሷን እያየች "የዚችኛዋ ራስ ገና እየደረቀ ነው?" አለችኝ።

"አይደለም" አልኩ። "እጄ ገና ነው።"